አልበራም ያለችው አረንጓዴ መብራት

ዝም ካላችሁ እጀምራለሁ፤ ዝም ባትሉም ጀምሬያለሁ።

ከአንድ ትልቅ ገደል ወዲህ ትንሽ ከተማ፣ ከገደሉ ወዲያ ደግሞ መንደር ነበር። ከወዲህ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምትጠግነው ስንዱ፣ ታናሽ እህቷ ትብለጥና የትብለጥ ባል ደረበ ይኖራሉ፤ ከወዲያ የሁለቱ እህትማማቾች እናት ወይዘሮ አበሩ። በዓይን ሲያዩት ማዶው እጅ ዘርግተው የሚነኩት ይመስላል። በእግር ግን መውረድ አለ፣ ወንዝ መሻገር አለ፣ እንደገና መውጣት አለ። ስልክስ እንዳትሉኝ፣ ማዶ ኔትወርክ የሚባል ነገር ደርሶ አያውቅም።

ትብለጥ ያረገዘች ጊዜ እናትና ልጆች ምልክት ተቃጠሩ። ትብለጥ በሰላም ከተገላገለች ስንዱ ከአፋፉ ላይ አረንጓዴ መብራት ታበራለች። በመስቀል ሰሞን እሳት የማይነድበት ጫፍ የለምና፣ ተራ እሳት ቢሆን ማን የማን እንደሆነ አይለይም። አረንጓዴ እሳት ግን ማንም አያነድም። ወይዘሮ አበሩም ብርሃኑን ሲያዩ ችቦ አቀጣጥለው ያዞራሉ። «እስከ መስቀል ማግስት ምሽት ካላየሁ ግን» አሉ ወይዘሮ አበሩ፣ «ዱላዬን ይዤ እወርዳለሁ። ማንም እንዳይከለክለኝ።»

ትብለጥ ሴት ልጅ ወለደች። የወለደችው በዚያው በመስቀል ማግስት ጠዋት ነው። ደስታው ቤቱን ሞላው፤ ስንዱ ግን ደስታዋን በግማሽ ልብ ነበር የያዘችው። ወንዙ ገና አልጎደለም፤ በዚያው ሳምንት አንድ በሬ ጠርጎ ወስዷል። እናቷ ደግሞ እወርዳለሁ ካሉ ይወርዳሉ።

መብራቱን ያገኘችው ከተዘጋው ቪዲዮ ቤት ከተጣለ ፕሮጀክተር ሆድ ውስጥ ነው። ኤልኢዲ የሚሏቸው ሦስት እህትማማች መብራቶች ነበሩበት፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ቀይዋን ስንዱ ለሙከራ በቀጥታ ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኘቻት። አንዴ ብልጭ ብላ በዚያው አሸለበች። ያለችው አረንጓዴ አንዲት ብቻ ናትና፣ ከዚያ በኋላ ስንዱ እጇን ሰብሰብ አደረገች።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የፕሮጀክተሩን ሌንስ ከግቢያቸው ጫፍ፣ አፋፉ ላይ ተከለችው። «በል፣ ብርሃኑን ሰብስብና ማዶ አድርስልኝ» አለችው።

ሌንሱም «ምኑን ልሰብስብ? አረንጓዴዋ ካልበራች አልሰበስብም» አለ።

ወደ አረንጓዴዋ ሄደች። «እባክሽ ብሪ። ሌንሱ አልሰበስብም አለ፤ ፀሐይ ግን እጠብቃለሁ አላለችም።»

አረንጓዴዋም «እህቴ ባትሪው ላይ ተደፍታ ጠጥታ ምን እንደሆነች አይተሻል። ድራይቨሩ ከረንቱን መጥኖ ካላጎረሰኝ አልበራም» አለች።

ድራይቨሩ የጣት ርዝመት ያለው ሰሌዳ ነው፤ ከባትሪ የመጣውን ለመብራቷ በልኩ የሚያካፍል። ስንዱ ወደ እሱ ሄደች። «እባክህ አጉርሳት። ሌንሱ አልሰበስብም አለ፤ አረንጓዴዋ አልበራም አለች፤ ፀሐይ ግን እጠብቃለሁ አላለችም።»

ድራይቨሩም «ማጉረሱስ አያቅተኝም። በልታ ስትግል ግን ትኩሳቷን ማን ይችልላታል? አልሙኒየሙ ሙቀቷን ካልተቀበለ አላጎርስም» አለ።

አልሙኒየሙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በጥርስ የሆነ ከባድ ቁራጭ ነው። ስንዱ ወደ እሱ ሄደች። «እባክህ ተቀበላት። ሌንሱ አልሰበስብም አለ፤ አረንጓዴዋ አልበራም አለች፤ ድራይቨሩ አላጎርስም አለ፤ ፀሐይ ግን እጠብቃለሁ አላለችም።»

አልሙኒየሙም «ተቀብዬስ የት አደርሰዋለሁ? ማራገቢያው በጥርሶቼ መሃል ካልነፈሰልኝ እኔም ሞልቶኝ፣ እሷም ተቃጥላ ማለቃችን ነው። አልቀበልም» አለ።

ወደ ማራገቢያው ሄደች፤ አሁን ትንሽ ሮጥ እያለች። «እባክህ ንፈስ። ሌንሱ አልሰበስብም አለ፤ አረንጓዴዋ አልበራም አለች፤ ድራይቨሩ አላጎርስም አለ፤ አልሙኒየሙ አልቀበልም አለ፤ ፀሐይ ግን እጠብቃለሁ አላለችም።»

ማራገቢያውም በሚያሳዝን ድምፅ «ቪዲዮ ቤት ሳለሁ የስንቱን ተመልካች አቧራ ዋጥሁ። ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ብሩሽ ይወፍርብኛል፤ እፍ ብትይብኝ ደግሞ ይብስ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀጭን የዶሮ ላባ ካልጠረገኝ አልነፍስም» አለ።

ዶሮ አለች፤ ቀይ፣ ዓይነ ፈጣን። ከጠዋት ጀምራ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥታ ቁጭ ብላለች። ስንዱ አንጋጣ ለመነቻት። «እባክሽ አንድ ላባ። ሌንሱ አልሰበስብም አለ፤ አረንጓዴዋ አልበራም አለች፤ ድራይቨሩ አላጎርስም አለ፤ አልሙኒየሙ አልቀበልም አለ፤ ማራገቢያው አልነፍስም አለ፤ ፀሐይ ግን እጠብቃለሁ አላለችም።»

ዶሮዋም አንገቷን ሰበቅ አድርጋ «ዛሬ ላባ፣ ቀጥሎስ ምን? ደጃፉ ላይ የተሳለ ቢላዋ ይታየኛል። እሱ አፎቱ ካልገባ አልወርድም፣ ላባም አልሰጥም» አለች።

ቢላዋው በደረበ እጅ ነበር። ደረበ ዶሮዋ ትወርዳለች ብሎ ቆሞ ቆሞ እግሩ ዝሏል። ስንዱ ለባለቢላዋውም ለቢላዋውም አንድ ላይ ነገረች። «እባካችሁ። ሌንሱ አልሰበስብም አለ፤ አረንጓዴዋ አልበራም አለች፤ ድራይቨሩ አላጎርስም አለ፤ አልሙኒየሙ አልቀበልም አለ፤ ማራገቢያው አልነፍስም አለ፤ ዶሮዋ ላባ አልሰጥም አለች፤ ፀሐይ ግን እጠብቃለሁ አላለችም።»

«እትዬ ስንዱ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ደረበ። «አራስ ያለ መረቅ እንዴት ይሆናል? ሰውስ ምን ይለኛል?»

ቢላዋውም «ለአራሷ ተስያለሁ። አራሷ መረቋን ካልጠጣች አፎቴ አልገባም» አለ።

ስንዱ ወደ ጓዳ ገባች። ትብለጥ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ጋደም ብላለች። ስንዱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ትንፋሽ እያጠራት ዘረዘረችላት። «ሌንሱ አልሰበስብም አለ፤ አረንጓዴዋ አልበራም አለች፤ ድራይቨሩ አላጎርስም አለ፤ አልሙኒየሙ አልቀበልም አለ፤ ማራገቢያው አልነፍስም አለ፤ ዶሮዋ ላባ አልሰጥም አለች፤ ቢላዋው አፎቴ አልገባም አለ። ፀሐይዋ ደግሞ ባሕር ዛፎቹ ጫፍ ላይ ደርሳለች። እህቴ፣ በሞቴ፣ መረቁን እጠጣለሁ በይና ይለቅልን።»

ትብለጥ ራሷን ነቀነቀች። «እታለም፣ እማዬ ማዶ ቆማ ዓይኗ እየተንከራተተ እኔ መረቅ ልጠጣ? እማዬ ሳታውቅ እኔም አልቀምስም።»

ስንዱ ክው አለች። እናታቸው እንዲያውቁ መብራት ያስፈልጋል፤ መብራት እንዲኖር አራሷ መጠጣት አለባት፤ አራሷ ደግሞ እናቷ ካላወቁ አልጠጣም አለች። ዞሮ ዞሮ እዚያው። እናቷ ዱላቸውን ይዘው ወደዚያ ወንዝ ሲወርዱ ታያትና እንባዋ መጣ።

ይኼኔ ደረበ ከደጅ ብቅ አለ። ቢላዋውን እንደያዘ ግራ ተጋብቶ «ቆይ» አለ፣ «አልጠጣም ካለች እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምን ላርድ ነው የተገተርሁት?»

ስንዱ ትብለጥን አየቻት፣ ትብለጥ ደረበን አየችው፣ ደረበ ቢላዋውን አየው። ከዚያ ሦስቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

«ታዲያ እኔ ሥራ ፈትቼ ልቅር?» አለ ቢላዋው አኩርፎ።

«ና፣ የመብራቷን ሽቦ ልባስ ላጥልኝ» አለችው ስንዱ።

ከዚያማ ምኑ ይያዛል! አራሷ አልጠጣም ብትል ቢላዋው ሽቦ ልጦ አፎቱ ገባ። ቢላዋው አፎቱ ቢገባ ዶሮዋ ወርዳ ላባ ጣለች። ላባው ጉሮሮውን ቢጠርግለት ማራገቢያው ሁለቴ አስነጥሶ ነፈሰ። ማራገቢያው ቢነፍስ አልሙኒየሙ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት በስሱ ተቀብቶ፣ ከአረንጓዴዋ ጀርባ በብሎን ጥብቅ ብሎ፣ ሙቀቷን ተቀበለ። አልሙኒየሙ ቢቀበል ድራይቨሩ ከጥቂቱ ጀምሮ እየጨመረ አጎረሳት። ድራይቨሩ ቢያጎርስ አረንጓዴዋ በራች። ግቢው በሙሉ አረንጓዴ ሆነ፣ ደረበም አረንጓዴ፣ ቀይዋ ዶሮም አረንጓዴ።

ብርሃኑ ግን ተበትኖ ከአጥሩ አላለፈም። «አሁን የእኔ ተራ» አለ ሌንሱ። ስንዱ ወደ መብራቷ ብታስጠጋው ብርሃኑ ባሰበት፣ ተንሰራፋ። አብዝታ ብታርቀው ቅርቡ ድንጋይ ላይ ነጥብ አክሎ፣ ከዚያ ወዲያ ተበተነ። መለስ፣ ጥቂት መለስ ስታደርገው ተሰብስቦ እንደ ጦር ቀጥ አለና ገደሉን ተሻገረ። ወደ እናቷ ደጅ አነጣጠረችው።

ፀሐይ ገባች። ማዶ ምንም አልታየም። ስንዱ አልሙኒየሙን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ለብ ብሏል እንጂ አልተቃጠለም። ደረበ ማዶውን አፍጥጦ ያያል። ትብለጥ ከነልጇ በነጠላ ተጠቅልላ በሩ ድረስ መጥታለች። «እማዬ ወርዳ ይሆን?» አለች ቀስ ብላ።



ከዚያ ማዶ አንዲት ቀይ ነጥብ ታየች። አደገች። ዞረች። ክብ እየሠራች ደጋግማ ዞረች፤ አንድ ችቦ ሲያልቅ ሌላው ተተካ። ወይዘሮ አበሩ ከመስቀል የተረፋቸውን ችቦ ሁሉ ሳይጨርሱት አልቀሩም።

ስንዱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው። ደረበ የሴት ሥራ ነው ሳይል እልል አለ። ትብለጥም ሕፃኗን ወደ እሳቱ አቅጣጫ ከፍ አድርጋ «አያትሽ ናት» አለቻት። «አሁን ራበኝ። ገንፎ አምጡልኝ፤ ዶሮዋን ተዋት።»

ዶሮዋማ ቀድሞውኑ ቦታ ይዛለች። ከአልሙኒየሙ ኋላ፣ ማራገቢያው ሞቅ ያለ ነፋስ ከሚያወጣበት ጋ ላባዋን ነፍታ ተኝታለች። ሲነጋ ሥሯ አንድ እንቁላል ተገኘ፤ ትብለጥም በላችው።

እነሆ ወሬዬ ገደሉን ተሻገረ፤ የደረሳችሁ ችቦ አዙሩልኝ።