በግራሩ ጥላ ሥር የተባለ «እንብላ»

አንድ ሰው፣ የትንሣኤ በዓል ካለፈ በሦስተኛው እሑድ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲያበቃ ባለቤቱንና የስድስት ዓመት ልጁን ሱራፌልን ይዞ በከተማችን ካሉት ሰፋፊ መናፈሻዎች ወደ አንዱ ሄደ።

በዚህ ውስጥ ምን ነውር አለ? አንዳች ነውር የለም። በሥራ የደከመ አባት ልጁን ሣር ላይ ቢያስሮጥ፣ ዥዋዥዌ ላይ ቢያወዛውዝ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባም። ሰውየውም የተመሰገነ ነው፤ ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ታሪኩን ስትሰሙ «እኔስ እንዲህ ያለ ክፉ ሰው አይደለሁም» ብላችሁ በጎን በር እንዳትወጡብኝ ነው። እርሱም ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው።

ቀኑ ሞቃት ነበረ፤ መናፈሻውም በሕዝብ ተሞልቷል። ልጁ ሮጦ ሮጦ ሲርበው ጥላ ፍለጋ ቢዞሩ፣ የጥላው ቦታ ሁሉ ተይዟል። በመጨረሻ ከአጥሩ አጠገብ፣ አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር የተቀመጠችበት አንድ የግራር ዛፍ አገኙ።

«እዚህ ጋ አረፍ ብንል ይቻላል?» አለ ሰውየው።

«ምን ችግር አለው ጌታዬ፤ ዛፉን እኔ አልተከልኩት!» አለችና ፈገግ ብላ ፈቀቅ አለች።

ምንጣፋቸው ሰፊ ነበረ። ሲነጠፍ ደግማ ፈቀቅ አለች። ተዘርግቶ ሲያበቃ፣ ከጥላው ለእርሷ የተረፈላት የታቀፈችውን ሕፃን ፊት የሚሸፍን ያህል ብቻ ነበረ። ልብ በሉ፤ ቀድማ የመጣችው እርሷ ናት!

የሰውየው ባለቤት ጨዋታ ወዳድ ናትና ወሬ ጀመረች። «ልጆችሽ ናቸው? ሲያምሩ! ማን ልበልሽ?»

«እናኑ እባላለሁ። ይቺ ትርንጎ ናት፤ አራት ዓመት ሞላት። ይሄኛው ገና ጡት አልተወም። በሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ እመቤቴ፤ ዕረፍቴ እሑድ ብቻ ነው። ይቺ ጉደኛ ዥዋዥዌ ዥዋዥዌ እያለች ወር ሙሉ ነዘነዘችኝ፤ ምን ላድርግ፣ ይዣት መጣሁ።»

«ታዲያ ተጫወትሽ ትርንጎ?»

«ዐሥር ጊዜ!» አለች ልጅቷ። ቀጥላም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ምሳ ግን የምንበላው ማታ ነው» አለች።

እናትየው ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ኧረ አፍሽን ያዢ!»

ምሳ የሚበላው ማታ ነው! ይህን ባልም ሰማ፣ ሚስትም ሰማች። አልሰማንም ማለት አይችሉም። ሰውየው ለእኔ ሲነግረኝ ቃሉን አንድም ሳያጎድል ነው የደገመልኝ።

ከዚህ በኋላ ምሳ ዕቃው ተከፈተ። የቋንጣ ፍርፍር ነበረ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ነበረ፣ ድፎ ዳቦ ነበረ። ሽታው ግራሩን ሞላው። ሰውየው ተነሥቶ ቆመ፤ አማተበ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸለየ። ፈጣሪ የዕለት እንጀራ እንዳይነሣ ለመነ። «አትንሣኝ» አላለም፤ «አትንሣን» አለ። «እኛ» ሲል እነማንን ማለቱ ነበረ? ከምንጣፉ ጠርዝ ማዶ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የተቀመጡት ሦስቱ በዚያ ጸሎት ውስጥ ነበሩ? ወይስ ጸሎቱም እንደ ምንጣፉ የሚያልቅበት ዳር ነበረው?

ተቀመጠ። እጁን ወደ ምግቡ ሰደደና፣ ቀና ሳይል፣ «እንብላ!» አለ።

«ይባረክ፣ ብሉ ብሉ፤ እኛ በልተናል» አለች እናኑ፣ እንደሚጠበቅባት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ወጉ ሄዷል። እርሱ የሚባለውን አለ፤ እርሷም የሚመለሰውን መለሰች። እኔና እናንተም ብንሆን ከዚህ የተለየ አናደርግም። ነገር ግን ትርንጎ የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ ወጉን ገና አልጨረሰችውም። ተነሣች። ጫማዋን አወለቀች። ምንጣፉ ላይ ወጥታ በሰውየው ባለቤት ፊት ተንበረከከችና፣ ውኃ እንዲፈስላት ሁለት እጆቿን አጋጥማ ዘረጋች።

ሴትዮዋ የውኃውን ጠርሙስ እንደያዘች ባሏን አየች።

ሱራፌል ግን ቦታ ለቆ ተጠጋ። «በዚህ በኩል ነይ። እንቁላሉን እንዳትነኪ፣ የኔ ነው።»

«ሁለቱም?»

«እሺ ትንሹን ውሰጂ።»

አያችሁ? ልጆቹ ነገሩን ጨርሰውት ነበር። የቀረው ውኃውን ማፍሰስ ብቻ ነበር።

ሰውየው ሳቀ። ለምን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አያውቀውም። «አይ የልጅ ነገር! ሚጣ፣ ሂጂ፣ እናትሽ እየጠራችሽ ነው» አለ።

እናቷ አልጠራቻትም ነበር። አሁን ግን ሕፃኑን መሬት አስቀምጣ ተነሣች፤ ልጅቷን ክንዷን ይዛ ከምንጣፉ አወረደቻት፤ ጭኗንም ቆነጠጠቻት።

«ሰው እንብላ ሲል ምን ይባላል ብዬሻለሁ?»

«ይባረክ።»

«ታዲያ?»

«እንብላ ብለውናል እኮ እማዬ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» እያለች ልጅቷ አለቀሰች።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ ሳልመክራት ቀርቼ አይደለም፤ ልጅ ሆና ነው» አለች እናኑ። ሕፃኑን አዘለች፣ የትርንጎን ጫማ በእጇ አንጠለጠለች፣ ልጆቿን ይዛ በዚያ ፀሐይ ወደ በሩ ሄደች።

«ኧረ አንድ ጉርሻ እንኳ ለልጅቷ...» አለች ሚስት።

«ተያቸው፤ በልተናል ብላለች እኮ» አለ ባል።

ሱራፌል አባቱን አየ። «አባዬ፣ ለምን ጠራሃቸው ታዲያ?»

«አልጠራኋቸውም፤ እንብላ ነው ያልኩት።»

«እሱ መጥራት አይደለም?»

«ወግ ነው ልጄ።»

«ወግ ምንድን ነው?»

አባት እንቁላሉን ልጦ ሰጠው። ልጁም በላ።

ወገኖቼ፣ እስቲ ፍረዱ። በዚያ ዛፍ ሥር ከነበሩት መካከል የዋሸው ማን ነው? የተቀጣውስ ማን ነው? የሰውን ቃል እንደ ቃል ያመነች አንዲት ነፍስ ብትገኝ፣ የተቆነጠጠችው እርሷ ናት! ማመኗ ብልግና ተባለ። የተራበ ሆዷን ይዛ የእኛን ክብር እንድትጠብቅ በጭኗ ላይ ትምህርት ተጻፈባት። እናቲቱስ? ጥላዋን ሰጠች፤ ይህ አንሶ እውነቷንም ሰጠች። «በልተናል» አለች፣ እኛ በሰላም እንድንጎርስ! ከዚያም የሰጠችንን ያንኑ ቃል አንሥተን መልሰን መሰከርንባት፤ «በልተናል ብላለች እኮ»።

ይህን የሠራው ያ ሰው ብቻ ነው? አባቶቻችን «እንብላ» ማለትን ሲያቆዩልን፣ መንገደኛ ሳያፍርና ሳይለምን እንዲበላ ብለው ነበር። እኛ ምን አደረግነው? በር መክፈቻውን በር መዝጊያ አደረግነው። «እንብላ» የምንለው ሌላው እንዲበላ አይደለም፤ እኛ ሳይጎረብጠን እንድንበላ ነው! ቃሉን ጣል እናደርግና ኅሊናችንን አስተኝተን እንጎርሳለን።

በምግብ ብቻ ቢሆን በተሻለ ነበር። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ባሏ የሞተባትን ሴት «አይዞሽ፣ አለንልሽ» ብላችኋታል። አርባው ሳይወጣ በሯን ያንኳኳችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ከገጠር የመጣ ዘመዳችሁን «ቤት ብቅ በል እንጂ» ብላችሁታል። የቱ ሰፈር እንደምትኖሩ ነግራችሁታል? የታመመውን «በጸሎት እናስብሃለን» ብላችሁታል። ስሙን ታስታውሱታላችሁ? እነርሱም እናኑን ይመስላሉ። «ይባረክ፣ ምን ጎድሎኝ» ይሏችኋል። እናንተም ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ!

በቃ! ወይ ውኃውን አፍስሱ፣ ወይ «እንብላ» አትበሉ። የማትሰጡትን ዝም ብላችሁ ብትበሉ ንፉግ ትባላላችሁ፤ ንፉግ ሰው ቢያንስ ሕፃን አያስቆነጥጥም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ምሳ ይቀርብላችኋል። «እንብላ» ከማለታችሁ በፊት ቀና በሉና በአጠገባችሁ ማን እንዳለ እዩ። አይታችሁም «እንብላ» ማለት ከቻላችሁ፣ ተጠጋጉና ቦታ ልቀቁ። እናንተን አምኖ እጁን የሚዘረጋ ቢመጣ፣ እግዚአብሔር ቃላችሁን የሚያምን ሰው እንደላከላችሁ ቁጠሩት፤ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አልቀረላችሁምና።

ያ ሰው ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት እሑዶች ምሳ ይዞ ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ወደዚያ መናፈሻ ሄዷል። እናኑንና ልጆቿን አላገኟቸውም።