አዝግሚ የተባለው አቀበት

ከዋንዛ በር ቆላ ተነስቶ ወደ ጓሳ ሜዳ የሚወጣው አቀበት አዝግሚ ይባላል። ከእግሩ ስር ቆሞ ቀና ብሎ ላየው ሰው ገደል እንጂ መንገድ ያለው አይመስልም። መንገዱ ግን አለ፤ በዋንዛና በወይራ መሀል ይጀምርና እንደ ረጅም ጠፍር እየተጠማዘዘ የኮሶውን ጫካ ያቋርጣል፣ ከዚያ ወደ አስታው ቁጥቋጦ ይገባል፣ ከአስታው በላይ ደግሞ በየድንጋዩ መሀል ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ብቻ ወደቆመበት፣ የአገሩ ሰው «ትከሻ» ወደሚለው ጠባብ ቦታ ይወጣል። ትከሻው ላይ ግራውም ቀኙም ገደል ነው፤ ጉም እዚያ ይውላል። ከጉሙ በላይ ሰማዩ የጠራ፣ ሣሩ ወርቅ የመሰለ ሰፊ ሜዳ አለ።

በዚህ አቀበት ላይ አንድ ልማድ አለ። ብዙ ሆነው የሚወጡ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት ከመካከላቸው እግሩ የሚከብደውን ይፈልጉና ከፊት ያስቀድሙታል። እሱን ቀድሞ ማለፍ ነውር ነው። ሙሽራ ቢሆን፣ ጠመንጃ ያነገተ ቢሆን፣ ገበያ የረፈደበት ነጋዴ ቢሆን፣ ሁሉም ከዚያ ሰው ኋላ ተሰልፎ በእሱ እርምጃ ይወጣል። አሁን አሁን በእረፍት ቀን ከከተማ በአውቶቡስ እየመጡ ተራራ የሚወጡ ወጣቶች በዝተዋል፤ ወፍራም ጫማ ያጠለቁ፣ በሁለት እጃቸው ዘንግ የያዙ፣ ጀርባቸው ላይ የውሃ ቱቦ ያለው ከረጢት ያዘሉ ናቸው። የአገሩ መንገድ መሪ እነሱንም ዋንዛው ስር ያቆምና «ከእናንተ ቶሎ የሚደክመው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሁሉም ይስቃል፤ ማንም እኔ ነኝ አይልም። ቆይቶ ግን አንዷ አፍራ እጇን ታነሳለች፤ «ነይ እናቴ፣ መሪያችን አንቺ ነሽ» ይላታል።

ይህ ከምን እንደመጣ ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ የሚሉት እንዲህ ነው።

ድሮ፣ ዘመኑን ማንም በውል በማያውቀው ጊዜ፣ ዋንዛ በር ላይ ንዳድ ገባ ይባላል። ወንዙ አልጋውን ለቆ ወደ እርሻው ዞሮ ነበርና ሲጎድል ረግረግ ትቶ ሄደ፤ ከረግረጉ ትንኝ ወጣ፤ ከትንኙ ጋር ሞት መጣ። ልቅሶ የሌለበት ቤት ጠፋ። በመጨረሻ የቀረው ሰው ከዋርካው ስር ተሰብስቦ ሲመክር፣ ንዳድ ብርድ ስለሚፈራ ወደ ጓሳው ሜዳ እንውጣ ተባለ። ሜዳውን ከሩቅ ያዩት እንጂ በቤተሰብ የወጡበት አልነበሩም። ለዘር የሚሆን ገብስ በአቅማዳ ሞሉ፣ ሞፈርና ቀንበር ተሸከሙ፣ ዶሮዎቹን በቅርጫት አደረጉ፤ የቀሩትን ጥቂት ከብቶች ጉልበት ሲያገኙ ተመልሰው ሊያወጧቸው ለጎረቤት አገር ሰው አደራ ሰጥተው በማለዳ ተነሱ።

መሪያቸው ውበቱ የሚባል ሰው ነበር። አንዳንዶች ስሙ ቸኮል ነበር ይላሉ፤ ይህ ግን ተረቱን ለማሳመር በኋላ የተጨመረ ይመስለኛል፤ የእናቴ አባት ውበቱ ነው የሚሉት። ቁመቱ ረጅም፣ ባቱ እንደ ብረት የጠነከረ፣ ድኩላ ሲያሳድድ ገደል ለገደል የሚሮጥ አዳኝ ነበር ይባላል። የዘሩን አቅማዳ ለማንም አላምንም ብሎ ራሱ ተሸከመ። ኮሶው ጫካ ሲደርሱ ሰው መንጠባጠብ ጀመረና ውበቱ ዘወር ብሎ ተናገረ።

«ጉሙ ሳይመጣ ትከሻውን ካላለፍን አለቀልን። የቻለ ይከተለኝ፤ ያልቻለ እዚህ ኮሶ ስር ይቆየን፤ ነገ ተመልሰን እንሸከመዋለን።»

ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም። የፈራው እውነቱን ነበር።

ከተሰደዱት መሀል እማዋይሽ የሚባሉ መበለት ነበሩ። ንዳዱ ገና በቅርብ ስለለቀቃቸው ጉልበታቸው አብጧል፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። አንድ ልጃቸው አስረስ ነው፤ እሱም በዚያው ዓመት አንጓች የምትባል ልጅ አግብቶ ነበር። አስረስ የውበቱን ቃል ሲሰማ እናቱ አጠገብ ቁጢጥ አለና ጉልበታቸውን ያዘ።

«እማ፣ ነገ እመጣልሻለሁ። በጀርባዬ ነው የማወጣሽ።»

«ሂድ» አሉት። «ዘሩን አድርሱ።»

አንጓች ግን የዶሮውን ቅርጫት ለባሏ ሰጥታ ከአማቷ ጎን ቆመች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ቀረሽ?»

«ከእሳቸው ጋር እመጣለሁ።»

«ነገ አልኩ እኮ!»

«እኔ ደግሞ ዛሬ ነው የምለው።»

አስረስ ተናደደ፤ ከንዴቱም እፍረቱ ይበልጥ ነበር ይባላል። ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ወደ ፊት ሮጠ፤ ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ድምፃቸው ከአስታው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር። ኮሶው ስር የቀሩት ሕፃን ያዘሉ ሴቶችና አቅም ያነሳቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ሁሉም ተቀመጡ። እማዋይሽ ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«እሜቴ፣ ምነው?» አለች አንጓች።

«ተቀምጬ ከምጠብቅ እየሄድኩ ብጠብቅ ይሻለኛል። ቁጭ ካልኩ ጉልበቴ ይረሳኛል።»

እሳቸው ሲነሱ የቀሩትም አንድ በአንድ ተነሱና ተከተሉ።

እንዲህ ሆነው ወጡ። እማዋይሽ የምራታቸውን የመቀነት ጫፍ ይዘዋል። አንጓች ወጣት ናት፤ ልቧም ከፊት፣ ከባሏ ጋር ነው። ከላይ የሰው ድምፅ የሰማች በመሰላት ቁጥር እርምጃዋ ይፈጥናል፤ ያኔ አሮጊቷ መቀነቱን ሳብ ያደርጋሉ።

«አዝግሚ ልጄ፣ አዝግሚ።»

«እሜቴ፣ ጉሙ እኮ እየመጣ ነው!»

«ጉም ለሮጠውም ለተኛውም ይመጣል። አዝግሚ።»

ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቆመው ምርኩዛቸው ላይ ደገፍ ይላሉ እንጂ አይቀመጡም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ እግር። ላብ እንኳ አላላባቸውም።

ጉሙ እንደ ፈላ ወተት ከገደሉ አፍ ገንፍሎ ወጣ። መጀመሪያ ሸለቆውን ዋጠው፣ ቀጥሎ አስታውን፣ በመጨረሻ የራሳቸውን እግር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንጓች ስታረጅ እንኳ እንደ ሕልም ነበር የምታወራው ይባላል። እግሯ መሬት መርገጡን አታውቅም። ከተወለደች ጀምሮ ስትወጣ የኖረች ይመስላታል። ከገደሉ ማዶ ጭላዳዎች ሲንጫጩ ትሰማለች፤ ድምፃቸው ገበያ የተገናኙ ሴቶች ወሬ መስሏት ቃሉን ለመለየት ጆሮዋን ትጥላለች፤ ሊገባት ጥቂት ሲቀረው ይጠፋባታል። ከመንገዱ ዳር ጋቢ የተከናነቡ ረጃጅም ሰዎች ዝም ብለው ቆመዋል። አክብሮት ይዟት ለአንደኛው ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ?»

አሮጊቷ ከኋላ ሳቁ። «ጅብራ ነው ልጄ። እሱ አይመልስልሽም።»

አንጓችም ሳቀች። ሳቋ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ከሩቅ የሌላ ሰው ሳቅ ሆኖ ተመለሰ። ደግሞ አዘገሙ። ወደ ትከሻው ሲደርሱ ሌሎች ተከናንበው የቆሙ አየች፤ እነዚህ ግን አጫጭር ነበሩ።

«እሜቴ፣ እዚህ ያለው ጅብራ ገና ልጅ ነው፤ አላደገም» አለች።

እማዋይሽ እጃቸውን ዘርግተው ነኩት። የነኩት ጋቢ ነበር፤ ርጥብና ቀዝቃዛ ጋቢ። ውስጡ ሰው አለ።

እንደሚነገረው፣ ፊት የሄዱት ሮጠው ነበር የወጡት። ልብሳቸው በላብ ርሶ ትከሻው ላይ ሲደርሱ ጉሙ ከበባቸው፤ ግራና ቀኙ ገደል ስለሆነ ውበቱ «እስኪገልጥ ተቀመጡ» አላቸው። ተቀመጡ። ላቡ ቀዘቀዘ፤ ብርዱ አጥንት ውስጥ ገባ፤ ከብርዱ ኋላ እንቅልፍ መጣ። የተረፉት በኋላ እንደተናገሩት፣ ከዚያ እንቅልፍ የሚጣፍጥ በምድር ላይ አልቀመሱም። አንዱ ፀሐይ የመታው አውድማ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ጀርባው ስር ጭዱ ይሞቅ ነበር። አንዷ ከሞተች እህቷ ጋር ፀጉር ትሠራራ ነበር። አስረስ ዋንዛ በር ቤቱ ነው፤ ወንዙ በድሮ አልጋው ይፈሳል፣ እናቱ ጉልበታቸው ድኖ በራፍ ላይ እህል ያበጥራሉ፤ እሱም ለምን ልሂድ ብሎ ነበር እያለ ይደነቃል።

አንጓች ባሏን ከመሀላቸው አገኘችው። ቅርጫቱን አቅፎ ተቀምጧል። ወዘወዘችው፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ። ከሁሉም ያስደነገጣት ያ ፈገግታ ነበር። ፀጉሯን ይዛ ዋይታ ጀመረች።

«ዝም በይ!» አሉ አማቷ። «አልሞተም። እያለመ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ እሜቴ? ስሙን ጠራሁት፣ አልሰማኝም!»

እማዋይሽ ትንሽ አሰቡ። የተኙትን አንድ በአንድ አዩ፤ ሁሉም ያሳደጓቸው፣ ያዋለዷቸው፣ አብረዋቸው ያረሙ ናቸው፤ ሁሉም ገበሬ ነው። ከዚያ ምርኩዛቸውን ጣሉ፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ባላቸው ትንፋሽ ሁሉ ጮኹ።

«ኧረ ከብት! ኧረ ከብት ማሳ ገባ! ያገር ሰው የት አለህ! አዝመራው አለቀ!»

ገበሬ ስሙን ሲጠሩት ላይሰማ ይችላል፤ ይህን ግን በሕልሙም ይሰማል። አንዱ ዓይኑን ሳይገልጥ ድንጋይ አነሳ። ሌላው ዱላውን ፍለጋ መሬቱን ዳበሰ። አንዲት ሴት «የማነሽ? የማነሽ?» እያለች ነጠላዋን ታወናጭፍ ጀመር። አስረስ ቅርጫቱን ወርውሮ ብድግ አለና «የማን ከብት ነው!» ብሎ ወደ ገደሉ ሲሮጥ፣ አንጓች የጋቢውን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ጣለችው፤ እላዩም ላይ ወደቀች። ያኔ ነው ዓይኑን የገለጠው። እሷን አየ፣ እናቱን አየ፣ ጉሙን አየ።

«ከብቱስ?» አላት።

አንጓች እየሳቀች አለቀሰች።

ሁሉም ተነስቷል፤ ውበቱ ብቻ አልተነሳም። ፊት የደረሰው እሱ ነበርና ረጅሙን የተቀመጠውም እሱ ነው። እማዋይሽ ጆሮው ስር ጎንበስ ብለው ደግመው ጮኹ፣ ሰለስ አድርገው ጮኹ። አጠገቡ ያለው አቅማዳ በጋቢው ተጠቅልሏል፤ እሱ ግን በእጀ ጠባቡ ብቻ ነበር። ገብሱ አልረጠበም። አሮጊቷ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አኑረው «አንተስ አድርሰሃል» አሉት።

አስረስ ቀርቦ ጀርባውን ሰጣቸው። «እማ፣ ውጪ። ልዘልሽ።»

«ተሸክመኸኝ ደግሞ ልትሮጥ ነው? አልወጣም። ከኋላዬ ሁን። ሁላችሁም ከኋላዬ ሁኑ።» ቀጥለው ወደ ውበቱ አመለከቱ። «እሱን ከፊቴ አድርጉት። ዛሬ ከእኔ የሚዘገይ እሱ ብቻ ነው።»

በሞፈሩና በቀንበሩ ላይ ጋቢ ዘርግተው አጋደሙት። ሌላው የፊተኛውን ልብስ ጫፍ እየያዘ ተሰለፈ። በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ የሚሰማው የምርኩዙ ድምፅና አልፎ አልፎ «አዝግሚ፣ አዝግሚ» የሚል የአሮጊቷ ቃል ብቻ ነበር። ለምራታቸው የሚናገሩትን ሁሉም ለራሱ ወሰደው፤ ወንዱም ሴቱም በዚያ ቃል እግሩን አነሳ። እንዲህ እንዳሉ ጉሙ እያነሰ፣ እየበራ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ነጠላ ከራሳቸው ላይ ወረደ። ሜዳው ተዘረጋላቸው። ዘወር ብለው ሲያዩ ከስራቸው የተዉት አገር የለም፤ ጉም ብቻ እስከ ሰማይ ጥግ ተኝቷል።

ውበቱን እዚያው ቀበሩት፤ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ የተተከለው መቃብሩ አጠገብ ነው ይባላል። ገብሱ በቀለ። እማዋይሽ የእሸቱን ቆሎ ቀምሰዋል የሚሉ አሉ፤ አልደረሱበትም የሚሉም አሉ። አንጓች ግን ብዙ የልጅ ልጅ አየች፤ ልጆቹ አቀበቱ ላይ ቀድመዋት ሲሮጡ በአማቷ ድምፅ «አዝግሚ» እያለች ትጣራ ነበርና አቀበቱ በዚያ ቃል ተጠራ።

ንዳዱ ከጠፋ በኋላ ግማሹ ሰው ወደ ዋንዛ በር ወርዶ እርሻውን ይዟል። የአገሩ መቃብር ግን ዛሬም ሜዳው ላይ ነው፤ ስለዚህ ከቆላው ሰው ሲሞት አገሩ ሁሉ አቀበቱን ይወጣል። ያን ቀን የደከመ አይፈለግም፤ ቃሬዛው ከፊት ይሆናል፤ ካህኑም፣ ልጆቹም፣ ጎረቤቱም ከኋላው ይሰለፋሉ። ትከሻው ላይ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ ይቆማሉ፤ ማንም አይቀመጥም። ከሴቶቹ በዕድሜ የገፋችው ወደ ሬሳው ጠጋ ትልና እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ «ኧረ ከብት ማሳ ገባ!» ብላ ትጮኻለች። ልቅሶው ፀጥ ይላል። ነፋሱ በጅብራው ቅጠል መሀል ሲያልፍ ይሰማል። ሁሉም ቃሬዛውን እያየ ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ ተሸካሚዎቹ ይለዋወጡና ያዘግማሉ።