ካርታ ላይ የሌለችው ጅረት

አንድ የወንዞች ተመራማሪ ነበረ። ሥራው በኮምፒውተር ዝናብ ማዝነብ ነው። የጥንቱን መሬት በኮምፒውተር ይሠራል፣ ዝናብ ይለቅበታል፣ ወንዞቹ አፈሩን እየጠረቡ ሲወርዱ ያያል። ብዙ ሺህ ዓመት እሱ ፊት ምሳ ተበልቶ እስኪመለስ ያልፋል። በመጨረሻ የሚወጣው ሸለቆ ዛሬ ካለው ጋር ከገጠመ፣ መሬቱ እንዴት እንደተሠራ ገባው ማለት ነው።

ይህ ሰው ሴት ልጅ ሞታበት ነበር። ስሟ ኤልዳና ነው። ጥርስ ሳታበቅል ሄደች። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምትኳን ይስጣችሁ» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስሟን የሚያነሳ ጠፋ። አባትየውም ካልተነሳ ሕመሙ የሚያልፍ መስሎት ዝም አለ። የተወለደችበት ቀን ሲቃረብ ሚስቱ ዳቦ ጋግራ ጎረቤት ልትጠራ ፈለገች። እሱ እምቢ አለ።

«ምትክ መቼ ጠየቅሁ?» አለችው። «እንደነበረች ብቻ ይታወቅልኝ።»

እሱ ቦርሳውን አንስቶ ወደ ሥራ ሄደ።

ሥራውም አልሆንለት ብሎ ነበር። እውነተኛው ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የኮምፒውተሩ ወንዝ ግን ተራራው ሥር ደርሶ ወደ ጎን ይሸሻል። የሥራ ባልደረባው ጋሽ ድልነሳው ከኋላው ቆሞ አየና፣ ወንዝህ ሠርግ ቤቱ የጠፋበት እንግዳ ይመስላል ብሎ ቀለደበት። ከዚያ ከስሌቱ ያወጣው ነገር እንዳለ ጠየቀው።

«አንዲት ጅረት አውጥቻለሁ። አጭር ናት፤ ብዙም ሳትቆይ ጠፍታለች። ዛሬ ካርታ ላይ የለችም።»

«ዛሬ የለችም ማለት አልሠራችም ማለት ነው እንዴ? መልሳት እንጂ።»

መለሳት። ዝናቡ እንደገና ወረደ። ጅረቷ ከተራራው ወዲያ ተነስታ ድንጋዩን ከምንጯ በኩል ወደ ኋላ እየበላች፣ እየበላች መጥታ ተራራው ላይ በር ከፈተች። ትልቁ ወንዝ በሩን አገኘና ገባ። እሷ በውስጡ ጠፋች። ሸለቆው ግን ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ተመራማሪው አባቱን አሰበ። ለዓመታት ተኳርፈው ነበር። ሽማግሌ ያልቻለውን ኤልዳና ቻለችው፤ ስትወለድ አባቱ የልጅ ልጄን ልሳም ብሎ ደጁን ረገጠ። እሷ ከሄደች በኋላም መምጣቱን አልተወም።

ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ዳቦውን እንጋግር አላት። «አባቴንም እንጥራ። ኤልዳናን ስለሰጠን ፈጣሪን እናመስግን።»

ሚስቱ ስሟን ከአፉ ስትሰማ ተቀመጠች። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ሌላስ ማንን እንጥራ?» አለችው።

ወዳጆቼ፣ ለሄደ ማልቀስ ወግ ነው። ስለመጣ ማመስገን ግን ይረሳል። ለአጭር ጊዜ መጥቶ የሄደም ቢሆን፣ የከፈተው በር ለሌላው ማለፊያ ሆኖ ይቀራል። እናንተስ ዛሬ የምታልፉበትን በር ማን ከፈተላችሁ? ስሙን ካነሳችሁት ስንት ጊዜ ሆናችሁ?