የድፍርስ ውሃ ሥርዓት

አንድ ጊዜ ጅቦች የአህዮችን ወንዝ ሊቀሙ መጡ። አህዮቹም ወንድ ሴት ሳይሉ ጎን ለጎን ቆመው በእርግጫ ተቀበሏቸው። ዳለቻ የምትባለው እንስት አህያ ከባሏ ጋር ሆና የአንዱን ጅብ መንጋጋ ሰበረች። የጅቦቹ አለቃ እያነከሰ ወደ ቀበሮ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ሁሉም አብረው ነው የረገጧችሁ?» አለው ቀበሮ።

«አብረው ነው እንጂ። አጥንቴን አደቀቁት።»

«እንግዲያው ወንዶቹን ለብቻ ጥራ። ‹እኛ ጠጥተን ስንጨርስ እናንተ ትጠጣላችሁ፤ ሴቶቹ ከእናንተ በኋላ› በላቸው።»

«እኔስ ምን አገኛለሁ?»

«ወንዙን።»

ጅቡ ዘዴው አልገባውም፤ ወንዙ የሱ መሆኑ ግን ገባው።

ጅቡም እንደተመከረው ነገራቸው፤ ወንዶቹም ተቀበሉ፤ ለሴቶቹ የሚተርፈው ድፍርሱ ውሃ ሆነ። ወንዶቹ አህዮች መጀመሪያ አፈሩ። ውለው ሲያድሩ ግን ከኋላቸው ቆሞ የሚጠብቅ መኖሩ ጣማቸው። ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል፤ እነሱ ደግሞ ጅቡን ፈርተው ሚስቶቻቸውን ይረግጡ ጀመር። ቀበሮ ሹክ ያላቸውን «የሴት ሆድ የተፈጠረው ለድፍርስ ነው» የሚል ቃልም ከአባቶቻችን የወረስነው ነው አሉ። አይ አህያ መሆን!

ድፍርሱ የዳለቻን ሴት ልጅ ሆዷን ነፋት፤ ጉልበቷም ከዳት። ዳለቻ ጀርባው በጅብ ጥርስ ወደ ተዥጎረጎረው ባሏ ሄደች።

«አንተ፣ ይህች ልጅ ልትሞትብኝ ነው። ዛሬ ብቻ ካንተ ጎን ትጠጣ።»

«አይሆንም። አባቶቻችን ያቆዩት ሥርዓት ነው።»

«አባትህ ከእናትህ ጎን ሲጠጣ እኔው ራሴ አይቻለሁ።»

ባሏ ጀርባውን ሰጣት።

«በል ተነስ፤ እንደዚያን ጊዜው አብረን እንርገጣቸውና ይሂዱልን።»

ባሏ ጅቦቹን አየ፤ ከዚያም እሷን አየ።

«እነሱ ከሄዱ እኔ ማንን እቀድማለሁ?» አላት።

ዳለቻ ልጇን እየደገፈች ብቻዋን ወደ ጠራው ውሃ ወረደች። ጅቦቹ ከበቧቸው። ዳለቻ ረገጠች፣ ነከሰች፤ ብቻዋን ነበረችና ዙሪያውን መጠበቅ አልቻለችም። ልጅቱን ውሃው ዳር ጥለው በሏት። ሌሎቹ አህዮች ሰልፋቸውን ይዘው ቆመው አዩ።

ጅቦቹ ጠግበው፣ ጠጥተው ሄዱ። ውሃው ቀልቷል። አባትየው ተራው ደርሶ ነበርና አንገቱን ደፍቶ ጠጣ።

ከዚህ የምንማረው ጉልበተኛ የቀማው ወንድ በሚስቱ ላይ እንዲሠለጥን ሲፈቀድለት፣ የቀማኛውን ቀንበር የአባቶች ሥርዓት ብሎ ራሱ እንደሚጠብቅለት ነው።