ጨዉ ያልታወቀ ሽሮ

አንድ ሰው ነበር፣ ጨው የናፈቀው። ጨው አጥቶ አይደለም። ጨው ሞልቷል፤ በየሱቁ፣ በየጠረጴዛው፣ በየወጡ። የጠፋው ምላሱ ነው።

ሰውየው ቀጸላ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ ዕድሜውን ሙሉም ከቤቱ ውጭ በልቷል። ከተማዋን የሚያውቃት በመንገዶቿ ስም አይደለም፣ በምሳዋ ነው። መርካቶ ማለት ፉል ነው፣ ቃሪያ የበዛበት። ለገሃር ማለት እርጥብ ነው፣ ትኩስ ድንች በዳቦ፣ ቆሞ። ሳሪስ ማለት ጥብስ ነው። ጡረታ በወጣበት ክረምት ታመመ። ትኩሳቱ ሲለቀው ጣዕሙንም ይዞበት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞረ። ፉሉ የራሰ ጥጥ ሆነበት። እርጥቡ ሞቅ ያለ ወረቀት ሆነበት። ዓይኑ ያያል፣ እጁ ይጠቀልላል፣ ጥርሱ ያኝካል፤ ምላሱ የለም። አስተናጋጆቹ «እንዴት ነው፣ ጣፈጠ?» ሲሉት «በጣም» ይላል። ለሁሉም «በጣም» ይላል። ምን ይበል? ለሞተ ምላስ ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ዛሬ ግን።

ዛሬ ረፋዱ ላይ በእታለማሁ የምግብ መኪና አጠገብ ሲያልፍ የሆነ ነገር አፍንጫውን ነካው። የሽንኩርት ቁሌት። እንደ ክር የቀጠነ። መጣና ሄደ። ቀጸላ መንገዱ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላው ሰው ገጨው፤ አልሰማውም። ዛሬ መጥቶ የሄደ ነገር ነገ ተመልሶ ይመጣል ያለው ማን ነው? ዛሬ መቅመስ አለበት። ዛሬ፣ እዚህ፣ ይህንኑ ሽሮ።

መኪናዋ ድሮ ሰው ትጭን የነበረች ነጭ ሚኒባስ ናት። አሁን የምትጭነው ምድጃ ነው። እታለማሁ በጎን መስኮቷ ብቅ ብላ ታማስላለች።

«እታለማሁ፣ አንድ ሽሮ።»

«የለም፣ ጋሼ።»

«ይኸው እየተንተከተከ!»

«አለ፣ ግን አይወጣም። እህቴ ደወለች፤ የእሷን ወሬ ያውቁታል። እያወራሁ ጨምሬ ይሆናል። ሁለቴ ጨምሬም ይሆናል። ጭራሽ አልጨመርኩም ይሆናል።»

«ምኑን?»

«ጨዉን ነዋ!»

«ታዲያ ቅመሺዋ።»

«ጾም ላይ ነኝ፣ ጋሼ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፌ አይዞርም። ሳልቀምስ ደግሞ ለሰው አላወጣም። እርስዎ ይቅመሱልኛ! ምላስ አለዎት አይደል?»

ቀጸላ ፊቱን አዞረ። «እኔ አልችልም» አለ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እታለማሁ ማማሰያዋን ድስቱ ላይ በኃይል አጋደመች።

ዘጠኝ ሰዓት እንዳይጠብቅ፣ ስምንት ላይ ደንብ አስከባሪዎች ይመጣሉ፣ ምድጃው ይጠፋል። መንገደኛ እንዳይጠራ፣ የማያውቀውን ሰው ማን «ና ጨው ቅመስ» ይላል? እታለማሁ አልቀምስ አለች፣ ሽሮው አልወጣ አለ፣ ቀጸላም ሆዱን ይዞ ወደ ሸምሱ ሄደ።

ሸምሱ ጎሚስታ ነው። ከመኪናዋ አለፍ ብሎ ጎማ ከምሮ ተቀምጧል፤ እጁም ፊቱም ጥቁር ነው።

«ሸምሱ፣ አንዴ ጨው ቅመስልን።»

«ጋሽ ቀጸላ! ረመዳን ነው እኮ!»

«ቀምሰህ ትተፋዋለህ።»

«ምላሴን አምነዋለሁ። ጉሮሮዬን ነው የማላምነው። የእታለማሁ ሽሮ እኮ ነው፣ አንዴ ከገባ አይመለስም።» ሸምሱ ሳቀ። «ሁለቱ ጾም አንድ ላይ ሲገጥም ሰፈሩ ቀማሽ አጣ በሉኛ! ሩሐማ ጋ ይሂዱ። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ጾም ዛሬ አይደለም።»

ሸምሱ አልነካ አለ፣ እታለማሁ አልቀምስ አለች፣ ሽሮው አልወጣ አለ፣ ቀጸላም ወደ ሩሐማ ሄደ።

ሩሐማ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ማበጠሪያ ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። ከፊቷ የሚታየው የእታለማሁ መኪና ጎን ብቻ ነው።

«መቅመሱን እቀምሳለሁ» አለች። «ለምን አልቀምስም? ግን መጀመሪያ ያቺ መኪና ከደጄ ትነሳልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ማስታወቂያዬን ጋርዳዋለች። ፀጉር ልትሠራ የመጣች ሁሉ "ሽሮ ደረሰ?" ብላ ነው የምትጠይቀኝ!»

ቀጸላ መኪናዋን ዞሮ አያት። የኋላ ቀኝ ጎማዋ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፣ አየር የሚባል የለውም። መኪናዋ አልሄድ አለች፣ ሩሐማ አልቀርብ አለች፣ ሸምሱ አልነካ አለ፣ እታለማሁ አልቀምስ አለች፣ ሽሮው አልወጣ አለ፣ ቀጸላም ወደ ሸምሱ ተመለሰ።

«ጎማውን ጠዋት ለጥፌላታለሁ» አለ ሸምሱ። «አየር ነው የቀረው። ኮምፕረሰሩ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። መብራት የታለ? ከነጋ ጠፍቷል። ጀነሬተር ያላት ሩሐማ ብቻ ናት።»

ኮምፕረሰሩ አልሠራ አለ፣ ጎማው አልነፋ አለ፣ መኪናዋ አልሄድ አለች፣ ሩሐማ አልቀርብ አለች፣ ሸምሱ አልነካ አለ፣ እታለማሁ አልቀምስ አለች፣ ሽሮው አልወጣ አለ፣ ቀጸላም ወደ ሩሐማ ተመለሰ። እግሩ ዛለ። በመንገዱ አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ አየሩን ሳበ። ምንም። አቧራ እንኳ አይሸትም። ክሩ ተበጥሶ ይሆን?

«ጀነሬተሩን ይውሰዱት፣ ጋሽ ቀጸላ» አለች ሩሐማ። «ጠብታ ቤንዚን ግን የለውም። ቢኖረውማ እዚህ በር ላይ ማበጠሪያ ይዤ እገተር ነበር?»

ቤንዚን ያለው አንድ ቦታ ነው፤ እዚያችው መኪና ታንክ ውስጥ። ታንኩ የሚከፈተው በቁልፍ ነው። ቁልፉ ያለው በእታለማሁ ሽርጥ ኪስ ነው።

«ቁልፉን ስጪኝ፣ እታለማሁ።»

«አልሰጥም።»

«ምነው?»

«እርስዎ ይንገሩኛ! ሁሌ ይበሉና "በጣም" ብለውኝ ይሄዳሉ። ዛሬ አንዲት ማንኪያ ይቅመሱ ብልዎ ፊትዎን አዞሩ። ምግቤን ተጸይፈውት ነው? ከተጸየፉት ይንገሩኝ። ካልተጸየፉትም ይንገሩኝ። ሳይነግሩኝ ቁልፍ የሚባል የለም።»

 

ቀጸላ አልናገር አለ፣ እታለማሁ ቁልፉን አልሰጥ አለች፣ ታንኩ አልከፈት አለ፣ ጀነሬተሩ አልነሳ አለ፣ ኮምፕረሰሩ አልሠራ አለ፣ ጎማው አልነፋ አለ፣ መኪናዋ አልሄድ አለች፣ ሩሐማ አልቀርብ አለች፣ ሸምሱ አልነካ አለ፣ ሽሮውም ድስቱ ውስጥ ይንተከተካል፣ ይንተከተካል፣ አልወጣም።

ከመንገዱ ማዶ ሁለት ልጃገረዶች አንድ እርጥብ ለሁለት ገምሰው ይበላሉ። አንዷ ቃሪያው አቃጥሏት በእጇ አፏን ታራግባለች፤ ሌላዋ ትስቅባታለች። ቀጸላ አያቸው። አፉ እንዲቃጠልለት ምን በሰጠ!

«እታለማሁ» አለ፣ «የተጸየፍኩት ሽሮሽን አይደለም። ምላሴ ሞቷል። ከክረምቱ ትኩሳት ወዲህ ጨውን ከስኳር አልለይም።»

«ምን?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ "በጣም"?»

«ውሸት ነው።» ድስቱን አየ። «ውሸትም አይደለም። ድሮ የበላሁትን እያስታወስኩ ነበር የምመልስልሽ።»

«የማይጥምዎትን ነገር ለመብላት ነው ዕለት ዕለት የሚመላለሱት?»

«ናፍቆኝ ነዋ። የሞተበት ሰው መቃብር ይሄዳል፤ እኔ ምግብ ቤት እሄዳለሁ። ዛሬ ግን... ዛሬ ጠዋት ቁሌትሽ ሸተተኝ። አንድ አፍታ። እሱ ነው ሲያሯሩጠኝ የዋለው።»

እታለማሁ እጇን ሽርጧ ውስጥ ከተተች።

ታንኩ ተከፈተ። ሸምሱ ቀጭን ቱቦ አመጣና ቆመ። ቤንዚኑ ካልተሳበ አይመጣም፤ የሚሳበው ደግሞ በአፍ ነው። ሸምሱ እታለማሁን አየ። እታለማሁ ሸምሱን አየች። ሁለቱም ጾመኞች ሩሐማን አዩ።

«እኔን እንዳታዩኝ!» አለች ሩሐማ።

ቀጸላ ቱቦውን ተቀብሎ ሳበ። ቤንዚኑ ፈጥኖ መጣ፤ አፉን ሞላው፤ ተፋው። ፊቱን አላጨፈገገም። ቤንዚን ለእሱ እንደ ማንኛውም ምሳ ነበር። ያን ጊዜ እታለማሁም፣ ከደጅ ሆነው የሰሙት ሸምሱና ሩሐማም በደንብ አመኑት።

«ይጉመጥመጡ፣ ይጉመጥመጡ!» አለች እታለማሁ፣ ውሃ በጆግ እያቀረበች። ድምፅዋ ተለውጧል።

ቀጸላ ስለተናገረ እታለማሁ ቁልፉን ሰጠች፣ ቁልፉ ስለተሰጠ ታንኩ ተከፈተ፣ ታንኩ ስለተከፈተ ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ጀነሬተሩ ስለተነሳ ኮምፕረሰሩ ሠራ፣ ኮምፕረሰሩ ስለሠራ ጎማው ተነፋ። «እኔ ልንዳት» አለ ቀጸላና መሪውን ያዘ፤ እታለማሁ ከኋላ ድስቱን በሁለት እጇ አቅፋ «ቀስ! ቀስ!» ስትል መኪናዋ ፈቀቅ አለች። መኪናዋ ፈቀቅ ስላለች ማስታወቂያው ታየ፣ ማስታወቂያው ስለታየ ሩሐማ ቀረበች፣ ሩሐማ ስለቀረበች ማንኪያው ወጣ፣ ማንኪያው ስለወጣ ሩሐማ ቀመሰች።

ዓይኗ ተጨፈነ። አንገቷ ገባ።

«ኢየሱስ! እታለማሁ፣ ይሄ ሽሮ ነው አሞሌ?»

«በዛ?»

«በዛ ትላለች እንዴ! የእህትሽ ወሬ ስንት ሰዓት ነው የፈጀው? በየአረፍተ ነገሩ ነው እንዴ የጨመርሽው?»

ሸምሱ ጎማው ላይ ተደግፎ ሳቀ። እታለማሁ ራሷን ያዘች። «ወይኔ! ልድፋው በቃ። ሌላ እሠራለሁ፣ ጋሼ፣ ነገ...»

«እንዳትደፊው!» ቀጸላ ከመሪው ወርዶ የደንበኛ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። «አውጪልኝ።»

«አይበላም እኮ!»

«አውጪልኝ አልኩሽ።»

አወጣችለት። ቀጸላ እንጀራውን ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ጎረሰ። ሦስቱም ቆመው አዩት።

ሞቀው። ለሰለሰው። ያው ነው። ያው የራሰ ጥጥ፣ ያው ወረቀት። አኘከ። ሩሐማ ወደ መሬት አየች። ቀጸላ አሁንም አኘከ፤ እንደገና ቆርሶ፣ አብዝቶ አጥቅሶ ጎረሰ። ያኔ ከምላሱ ጥግ፣ ከሩቅ፣ ከሞላ አውቶቡስ የመጨረሻ ወንበር «ወራጅ አለ!» እንደሚል ሰው፣ አንድ ነገር ተጣራ። ቀጸላ ማኘኩን አቆመ። ጥሪው ተደገመ። ቀረበ። መጣ። ድዱን ወጋው፣ ምላሱን ቆነጠጠው፣ ምራቁን ከየት እንደሆነ አምጥቶ አፉን ሞላው።

«ምነው ጋሼ? አቃጠለዎት? ይትፉት! ይትፉት!»

ቀጸላ ዋጠ። ጉንጩ ረጥቧል፤ አልጠረገውም።

«ጨው በዝቶበታል» አለ። ሳህኑን ወደ እታለማሁ ገፋ አደረገው። «ድገሚኝ።»