ለሌባ ማጥፊያ የተጠየቀ መዋጮ

ግራዝማች በሻህ በሚገዙት አገር ሌባ ቢበዛ ሕዝቡን ለአውጫጭኝ ጠሩ። በአውጫጭኝ ደግሞ ሌባው ተጠቁሞ እስኪወጣ ድረስ ማንም ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም።

«ዛሬስ ሌባ ጠቁሙ አልላችሁም» አሉ ግራዝማች። «ጠመንጃ ያዥ ዘበኛ ልቀጥርላችሁ ነው። ሌባ እንዲጠፋለት ስንት እንደሚሰጥ ሳይናገር ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።»

ፀሐይዋ አናት ስትበሳ አንዱ አንድ ብር፣ ሌላው ሁለት ብር አለ።

«ይኼ ለጥይት መግዣ እንኳ አይበቃም!» አሉ ግራዝማች።

ተራው ሁለት አህዮች የተሰረቁባት ጨው ቸርቻሪ ዘንድ ደረሰ። አህዮቿን የነዳባትን ሰው ጎረቤቶቿ ሁለት ጊዜ ይዘው፣ እጁን የፊጥኝ አስረው ለግራዝማች አስረክበውታል። ሁለቱንም ጊዜ በሳምንቱ ገበያ መሀል ሲንጎራደድ አግኝተውታል።

«አንቺስ ስንት ትሰጫለሽ?» አሏት።

ሴትዮዋ ተነሣችና ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ድሃ ነኝ ብዬ አልከራከርም። ሌባው እንዲፈቱት ስንት እንደሚሰጥዎ ብቻ ይንገሩን። አገሩ ተሰብስቦ አንድ ብር ይጨምርበታል።»