ሳይታዘዝ የሸሸው እጅ

አንድ ንጉሥ ነበር፤ ያለ እሱ ፈቃድ ቅጠል ባይነቃነቅ ደስ የሚለው። የግድቡ ጠባቂ ወይዘሮ ትርንጎ እንኳ ትርፉን ውኃ ወደ ገደል የሚያወርደውን በር የምትከፍተው፣ መልእክተኛ ልካ የቤተ መንግሥቱ መለከት ሲነፋላት ብቻ ነበር።

ሐምሌ ላይ ወንዙ በአንድ ጊዜ ሞልቶ መጣ። መለከቱ እስኪነፋ ቢጠበቅ ከግድቡ በታች ያለው መንደር ማለቁ ነው። ትርንጎ ጊዜ አላጠፋችም፤ በሩን በረገደችው። መንደሩ ተረፈ፣ እሷ ግን ታስራ ችሎት ቀረበች። ቅጣቱ ከአገር መባረር ነው። ተወልዳ ያደገችበትን ቀዬ ልትለቅ ነው።

«ማን አዘዘሽ?» አለ ንጉሡ።

«ማንም አላዘዘኝ፣ ንጉሥ ሆይ።»

«ታዲያ የአገሩ ራስ እኔ መሆኔ ምን ላይ ነው?» አለና በንዴት የቀረበለትን የአጥሚት ኩባያ ጨበጠ። ኩባያው እሳት ነው! እጁ ተፈናጥሮ ተመለሰ፤ አጥሚቱ ተደፋ። «ተቃጠልኩ!» ብሎ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው።

ትርንጎ ቃሉ ከአፏ አመለጣት። «ንጉሥ ሆይ፣ እጅዎንስ ማን አዘዘው?»

ንጉሡ ግራ ገብቶት አጠገቡ ወደ ቆመው ሽማግሌ ሐኪሙ ዞረ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ራስዎ አላዘዘም። የቃጠሎው ወሬ በነርቭ ሮጦ ጀርባዎ ውስጥ ካለው ህብለ ሰረሰር ሲደርስ፣ እሱ እዚያው ‹ሽሽ!› ብሎ አዘዘ። ራስዎ የሰማው እጅዎ ከሸሸ በኋላ ነው። ፈቃድ ቢጠብቅ ኖሮ መዳፍዎ በተላጠ ነበር።»

ንጉሡ አላመነም። ሌላ ትኩስ ኩባያ አስመጣና እጁን «ሳላዝህ ንቅንቅ እንዳትል!» ብሎ ገሥጾ ነካው። እጁ አሁንም ፈትለክ አለ። መኳንንቱ ሳቃቸውን ሊውጡ ታገሉ፤ አልሆነላቸውም። ንጉሡም እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ፍቷት! ከእንግዲህ ውኃው ሲመጣ ትክፈት፤ ለእኔ ከዚያ በኋላ ትንገረኝ» አለ። ትርንጎ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ችሎቱም አብሯት እልል አለ።

ወዳጆቼ፣ የሚመራ ሰው ክብሩ ለአደጋው ቅርብ የቆመውን በማመኑ ነው። ራስ የሚያስብበት ሌላ ብዙ ሥራ አለው፤ እሳትና ጎርፍ ግን ፈቃድ እስኪመጣ አይታገሡም። እርስዎስ ሳይጠይቅ ያዳነዎትን ሰው አመሰገኑት ወይስ ከሰሱት?